የቤተሰብን አሮጌ ቮልስ ከአባት ጋር ማደስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አባቴ በ1961 ዓ.ም. ከሌላ ሰው እጅ የገዙት ቮልስ 1300 ጅማ በሚገኘው ግቢያችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሞ ከኖረ በኋላ፣ እኔና እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራን በሦስት ዓመት ገደማ መልሰን መንገድ ላይ አውጥተነዋል። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ መኪና በግቢያቸው የቆመባቸው ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እየተመሳሰሉ ስለመጡ መልሶቹን በአንድ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። በሙያዬ መካኒክ ስላልሆንኩ የባለሙያ እጅ የሚሹትን ቦታዎች ለይቼ እጠቁማለሁ። ምሳሌዎቹ የቮልስ ቢሆኑም ስለ ዝገት፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ሰነድና ከወላጅ ጋር ስለመሥራት ያልኩት ለፊያትም፣ ለፔጆም፣ ለላንድሮቨርም ይሆናል።

መኪናው ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከኖረ መጀመሪያ ምን መደረግ አለበት?

ባትሪ ገዝቶ ለማስነሳት መቸኮል አይገባም። ከሁሉ በፊት አባትዎን ወይም እናትዎን አስቀምጠው ይጠይቋቸው፤ መኪናው የቆመው መቼና በምን ምክንያት ነው? ከመቆሙ በፊት መጨረሻ የተቀየረው ዕቃ ምንድን ነው? ሞተሩ ወርዶ ያውቃል? እኛ ቤት አባቴ የዘይት ቅያሪ የሚመዘግቡበት ሰማያዊ የተማሪ ደብተር ከመኪናው ኪስ ውስጥ ወጣ፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል እንጂ ጽሑፉ ይነበብ ነበር። ሞተሩ በ1978 ዓ.ም. ተፈትቶ እንደታደሰና የፍሪሲዮን ገመዱ መኪናው ከመቆሙ ሁለት ወር ቀደም ብሎ እንደተቀየረ ያወቅነው ከዚያ ነው። ይህ አንድ ገጽ ብዙ ወጪና ብዙ ጥርጣሬ አድኖናል።

ቀጥሎ ማንኛውም ነገር ከመፈታቱ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሣ። የሚፈቱት ቡሎኖችና ዳዶዎች በየጣሳው ተለይተው፣ ከየት እንደወጡ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጡ። «አስታውሰዋለሁ» የሚል ሰው ከሁለት ወር በኋላ አያስታውስም።

የስንት ዓመተ ምሕረት ሥሪት እንደሆነ በምን እናውቃለን?

አባቶች «የስልሳ አንድ መኪና ነው» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት የገዙበትን ዓመት፣ ያውም በእኛ አቆጣጠር ነው። የመለዋወጫ መዝገቦች ደግሞ የሚሄዱት በፈረንጆች አቆጣጠርና በሥሪት ዓመት ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት ሳይታሰብ የታዘዘ ዕቃ ሳይገጥም ይቀራል። አስተማማኙ መንገድ የሻንሲ ቁጥሩን ማየት ነው። በቮልስ ላይ ይህ ቁጥር የሚገኘው የኋላው መቀመጫ ሲነሣ፣ በወለሉ መሃል ርዝመቱን በሚሄደው የብረት ጉብታ ላይ ተመትቶ ነው። ከ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የመኪናውን ዓይነት፣ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ የእኛ በ116 ስለሚጀምር የ1966 ሞዴል ነው ማለት ነው። ፋብሪካው የሞዴል ዓመቱን የሚጀምረው በነሐሴ ወር ስለነበር፣ በመስከረም 1965 የተሠራ መኪናም የ1966 ይባላል። አዲሱ ዓመት በእንቁጣጣሽ ሰሞን መባቱ አባቴን በጣም ነው ያስደሰታቸው፤ «ታዲያ ጀርመኖቹስ ከእኛ ጋር አይደሉም እንዴ» አሉ።

የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቆሚያ በታች በሞተሩ አካል ላይ ይገኛል። ባለፉት ዓመታት ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ስለማይገጥም፣ ይህንን ከወዲሁ ማወቅ ኋላ ሰነድ ላይ ለሚመጣው ጣጣ ያዘጋጃል።

ዝገቱ ምን ያህል ያሰጋል?

ከሞተሩ ይልቅ ያስጋዎት። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ፣ አየሯ እርጥብ የሆነ ከተማ ናት፤ ቮልስ ደግሞ ውኃ የሚያቁሩ የተሸሸጉ ቦታዎች አሉት። በመጀመሪያ የሚታየው የኋላው መቀመጫ ሥር ያለው የባትሪ ማስቀመጫ ነው፤ ከባትሪው የሚፈሰው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ሁለተኛው በሁለቱም በኩል ከበሮቹ ሥር የሚሄደው፣ ሞቃት አየር ወደ ፊት የሚያልፍበት ባዶ ሳጥን ነው። ሦስተኛው ከፊት ኮፋኖ ሥር መለዋወጫ ጎማው የሚተኛበት ጉድጓድ ነው። ምርመራው ቀላል ነው፤ ምንጣፉ ተነሥቶ ወለሉ በካቻቢቴ እጀታ ይመታል። ድምፁ ጠንካራ ከሆነ ላሜራው አለ፤ ከደነዘዘ ወይም ከሰጠመ የለም።

እኛ ምንጣፉን ስናነሣ ከሥሩ የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ነገር አገኘን። መጀመሪያ አፈር መስሎኝ ነበር። አባቴ በሁለት ጣታቸው ፈትገው አሸተቱትና «ገለባ ነው» አሉ፤ በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ የናሙና ቡና በኋላ መቀመጫ ይጭኑ ነበርና የቡናው ገለባ ከምንጣፉ ሥር ገብቶ፣ የክረምቱን እርጥበት እንደ ሰፍነግ ይዞ ከአሥር ዓመት በላይ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። በዚያ በኩል ወለል የሚባል ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት እፈልጋለሁ። ከበሮቹ ሥር ያለው ሳጥን ለሙቀት ማስተላለፊያ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የመኪናውን ቅርጽ የሚሸከመውም እሱ ነው። ሥራውን መጀመሪያ የሰጠነው ሰው በሮቹ የሚቆሙበትን ክፍት ቦታ በብረት ሳይወጥር ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ቆረጠው። አዲሱ ብረት ከተበየደ በኋላ የግራው በር አንድ ጣት ያህል ወርዶ አልዘጋ አለ፤ ብየዳው ተፈትቶ እንደገና በሌላ ሠራተኛ እስኪሠራ አራት ወር ጠፋ፣ ገንዘቡም ሁለት ጊዜ ተከፈለ። ስለዚህ ላሜራ ሠራተኛ ሲመርጡ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ከመቁረጥህ በፊት በምን ትወጥረዋለህ?» የሚል ይሁን። ጥያቄው ካልገባው ሌላ ሰው ይፈልጉ። የተበላ ላሜራን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ደግሞ ማደስ አይባልም፤ ሁለት ክረምት አያልፍም።

ሞተሩ አልዞር ብሏል። ተበላሽቷል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። አራቱም ካንዴላዎች (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) ወጥተው በየቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ይጨመርና ለጥቂት ቀናት ይተው፤ ከዚያ ማርሹ ነጻ ሆኖ በዲናሞው ፑሊ ዳዶ ላይ በ21 ቁልፍ በእጅ ወዲያና ወዲህ በቀስታ ይሞከራል። ቺንጋው (ፑሊዎቹን የሚያያይዘው ቀበቶ) ከተንሸራተተ ከታች ባለው ትልቁ ፑሊ መሞከር ይቻላል። በጉልበት ማስገደድ ግን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይሰብራል። የእኛ በዘጠነኛው ቀን ተለቀቀ፤ አባቴ በየቀኑ ጠዋት ከቡና በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት ነበር፣ እኔ ብሆን ኖሮ በሁለተኛው ቀን ቧንቧ ጨምሬ አስረዝሜ እሰብረው ነበር።

ሞተሩ ከዞረ በኋላ ሳይነሣ ዘይቱ ይቀየር፤ የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ከሥሩ ያለችው የሽቦ ወንፊት ወጥታ ትታጠብ። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት ጊዜ ነው። የነዳጅ ታንከሩ ከፊት ኮፋኖ ሥር ስለሆነ ወርዶ ይታጠባል፣ ካርቡራተሩም ተፈትቶ ይጸዳል። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎች ምንም ጥሩ ቢመስሉ ሁሉም ይቀየሩ። ይህን አበክሬ የምናገረው የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ስለሆነ፣ ከደረቀ ቱቦ በሚንጠባጠብ ቤንዚን አንዴ ከተያያዘ በቀላሉ የማይጠፋ እሳት ስለሚሆን ነው።

ሞተሩን ለማውረድ የግድ ጋራዥ መግባት ያስፈልጋል?

አያስፈልግም፤ ሁለት ሰው፣ ጥሩ ክሪክና ጠንካራ መደገፊያ ይበቃል። ሞተሩ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው። ከላይ ያሉትን ለመፍታት ግን አንዱ ከመኪናው ሥር ተኝቶ በ17 ቁልፍ ቡሎኑን ሲይዝ፣ ሌላው ከኋላ ከሞተሩ ክፍል እጁን ከማራገቢያው ቤት ጀርባ አስገብቶ ዳዶውን ያዞራል። ቦታው በዓይን አይታይም፤ በጣት ነው የሚፈለገው። እኔ ከሥር ሆኜ አባቴ ከላይ «ያዝክ?» ሲሉ፣ እኔ «ይዣለሁ» ስል፣ አንዴም ስይዝ አንዴም ሲያመልጠኝ ግማሽ ቀን ሄደ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ማንም ሰው ከሥሩ እንዳይገባ፤ ይህ ለልምድ ያለው ሰውም ይሠራል።

ፍሬኑን በራሳችን መሥራት እንችላለን?

መፍታትና ማጽዳት ይቻላል፤ መጨረሻውን ግን ሁነኛ መካኒክ ሳያየው መኪናው ከግቢ መውጣት የለበትም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ፣ በቆመ መኪና ውስጥ የፍሬን ሲሊንደሮቹ ከውስጥ ይዝጋሉ። ከነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች ደግሞ ለአራቱም ጎማ አንድ የዘይት መስመር ብቻ ነው ያላቸው፤ አንዷ ቱቦ ስትፈነዳ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ተጣጣፊ ቱቦዎቹ፣ የፍሬን ጎማዎቹና ሲሊንደሮቹ ሁሉ በአዲስ ይተኩ። በዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጠብም።

የመኪናውን ባለ6 ቮልት ኤሌክትሪክ ወደ 12 ቮልት እንቀይረው?

እኛ ቀይረነዋል፤ አባቴ እስከ ዛሬ ደስ አላላቸውም። ባለ6 ቮልት ባትሪ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነና የፊት መብራቱ በጨለማ ከሻማ ስለማይሻል ምክንያት ነበረኝ። ለውጡ ባትሪ ከመለወጥ አልፎ ዲናሞውን ከነመቆጣጠሪያው፣ ኮይሉን፣ አምፖሎቹን፣ ጥሩምባውንና የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር ይነካል። የድሮው ዕቃ ሁሉ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ የእኛ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከአባቴ አልጋ ሥር አለ። የባትሪው ራሶች በላስቲክ መሸፈናቸውም አይረሳ፤ ሰው ሲቀመጥ የኋላ መቀመጫው ሽቦ ወርዶ ነክቷቸው መኪና ያቃጠለበት ጊዜ አለ።

መለዋወጫ ከየት ይገኛል?

ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ፣ የመጨረሻውም በሜክሲኮ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ የወጣ መኪና ስለሆነ ዕቃው አልጠፋም። ያገለገለ ዕቃ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ በትዕግሥት ቢፈለግ ይገኛል። አዲስ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ በሻንጣ ማስመጣት ይቻላል፤ ጓርኒሲዮን (በብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የፍሬን ጎማና የነዳጅ ቱቦ ቀላል ነገሮች ናቸው። ጅማ ውስጥ ደግሞ ከገበያ ይልቅ የሚያዋጣው ሰው መጠየቅ ነው። የቀኝ ፓራፋንጎ (የጎማ መከለያ) ያገኘነው ዶሮ ከሚያድርበት ከአንድ ጎረቤት ጓሮ ነው።

አንድ ያልጠበቅሁት ችግር የቃላት ነበር። እኔ የማነበው የጥገና መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ አባቴና የዕቃ ሻጮቹ የሚያውቁት ግን ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ የሚለውን ከጣሊያን የቀረውን የጋራዥ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ ላይ ሥዕሉን እያሳየሁ ስሙን ከእሳቸው እየጠየቅሁ በደብተሩ ባዶ ገጾች ላይ ጻፍኩት። ከስድሳ በላይ ቃል ሆነ።

እኔና አባቴ በሥራው ላይ አንግባባም። ምን እናድርግ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ልጆች ናቸው፣ አባቶች ሲጠይቁ አልሰማሁም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መኪናው የእሳቸው ነውና እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ ደኅንነትን ከሚነካው በቀር፣ ውሳኔው የእሳቸው ነው። ፍሬን፣ ነዳጅና ኤሌክትሪክ ላይ ልጅ ሊጸና ይችላል፤ ቀለም፣ መቀመጫና የሥራው ፍጥነት ላይ ግን አባት የፈለጉት ይሁን። ሥራውን በጥር ልጨርስ ብሎ ቀን የሚቆርጥ ልጅ አባቱን ቀስ በቀስ ወደ ተመልካችነት ይገፋቸዋል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ይህን አድርጌያለሁ። አንድ ቅዳሜ እሳቸው እስኪመጡ ሳልጠብቅ ካርቡራተሩን ፈትቼ አጥቤ ገጠምኩት። መጥተው አዩት፣ «ጎበዝ» አሉና ወደ ቤት ገቡ፤ ለሦስት ሳምንት አልወጡም።

በሌላ በኩል አባት የሚሉትን ነገር ምክንያቱን ስላልነገሩን ብቻ እንደ ተረት መቁጠር ስሕተት ነው። አባቴ ገና ከጅምሩ «የዚህ መኪና ሦስተኛው ሲሊንደር ይሞቃል፣ ቫልቩን ቶሎ ቶሎ እየው» ይሉ ነበር፤ ወጣቱ መካኒካችን ይስቅ ነበር። ኋላ ሳነብ ነገሩ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ስለተቀመጠ ለእሱ የሚደርሰውን ነፋስ ይከልላል፤ ፋብሪካውም በ1970 እ.ኤ.አ. ገደማ ማቀዝቀዣውን ከዚያ አውጥቶታል። አባቴ ይህን ያወቁት አንድ ቫልቭ ሰኮሩ ከተማ ላይ ተቃጥሎባቸው ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ያደሩ ጊዜ ነው።

አባቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ምን ዓይነት ሥራ ይሻላቸዋል?

ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ። ካርቡራተር፣ ዲስትሪቢውተር፣ የበር መቆለፊያ፣ የቡሎን ማጽዳትና መለየት። ጠረጴዛው ጥላ ውስጥ፣ ከወገብ ከፍ ያለ ይሁን። ዕቃ በባዶ እጅ በቤንዚን ከማጠብ፣ የአሮጌ ፍሬን አቧራ በአፍ ወይም በአየር ከመንፋት ይጠበቁ፤ በአሮጌ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ስለሚኖር አቧራው በውኃ ረጥቦ በጨርቅ ይጠረግ። እናትም ብትሆን ያው ነው፤ የመቀመጫውን ሸራ ለክተው የሰፉት እናቴ ናቸው፣ ስፌታቸውም ከገበያው ይበልጣል።

ምን ዓይነት ቀለም እንቀባው?

የመጀመሪያው ቀለም ከኮፋኖው ውስጠኛ ጎን ወይም ከመሣሪያ ሰሌዳው ጀርባ ፀሐይ ካላየበት ቦታ ይገኛል። እሱን ይቀቡት።

ወጪው ያዋጣል ወይ?

በገንዘብ ብቻ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። የእኛ ገንዘብ በብዛት የወጣው ላሜራና ቀለም ላይ ነው፤ ቀጥሎ ፍሬንና ጎማ፣ ሞተሩ ከሁሉ ያነሰውን ወሰደ። ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ አሮጌ መኪና የሚፈልግ ሰው በዝቷል፤ በግቢያችን በር ላይ ቆሞ «ይሸጣል ወይ?» የሚል መንገደኛም አይጠፋም። ይህን ተስፋ አድርጎ የሚጀምር ሰው ግን በሁለተኛው ዓመት ይሰለቻል።

ሰነዱን በተመለከተ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ላሜራ ከመቆረጡ በፊት ሊብሬው ይፈለግ። የእኛ የመኖሪያ አድራሻውን «ከፋ ጠቅላይ ግዛት» ይል ነበር። የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹ ከሊብሬው ጋር መግጠማቸው ይጣራ፤ ካልገጠሙ ምክንያቱን የሚያስረዳ ሰነድ አባት በሕይወትና በጤና ሳሉ ቢዘጋጅ፣ ኋላ ከወራሾች ጋር ከሚመጣው መጓተት ያድናል። የብየዳ ሠራተኛው የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ብረት እንዳይነካ በግልጽ ይነገረው። መኪናው መንገድ ላይ የሚወጣው ዓመታዊውን ምርመራ አልፎ ቦሎ ሲለጠፍበትና የሦስተኛ ወገን መድን ሲገባለት ነው። በእኛ በኩል ምርመራውን የወደቅነው በመሪው ልቅነት ነበር፤ ተስተካክሎ በሁለተኛው አለፈ።

ታድሶ ካለቀ ከጅማ አዲስ አበባ ይደርሳል?

350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይደርሳል፣ ነገር ግን ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ ለአንድ ወር በከተማው ውስጥ፣ ወደ ጅሬን አቀበት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ እየወጣና እየወረደ ይፈተን። ቀጥሎ ሰርቦ፣ ከዚያ አሰንዳቦ ደርሶ ይመለስ። ፈተናው ከሰኮሩ አልፎ የጊቤ በረሃ ነው፤ መንገዱ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የጅማ አገር ወርዶ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ወንዙን ይሻገርና ወደ ወልቂጤ መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬንን፣ ሙቀቱና አቀበቱ ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተር ይፈትናሉ። ሲወርዱ በፍሬን ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ ይያዝ፤ ወንዙን የሚሻገሩትም በጠዋት ይሁን። በመንገድ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያውኑ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ግዴታ ነው፤ ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለሆነ፣ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ማቀዝቀዣ የለም ማለት ነው። ትርፍ ቺንጋ፣ የ21 ቁልፍና ካቻቢቴ ከመቀመጫ ሥር ይኑሩ።

እኛ እስካሁን አሰንዳቦን አላለፍንም። አባቴ ጊቤን የምንሻገረው ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በኅዳር ነው ብለዋል፤ ቺንጋውን ራሳቸው ቀይረው አሮጌውን በትርፍነት ጠቅልለው አስቀምጠዋል።